ከካምፓላ እስከ አስመራ የሄደው ሽልንግ

በ1942 አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ጥቂት ሽልንግ ይዞ ከካምፓላ ቢነሳ፣ ጦርነቱ መንገድ እስከሰጠው ድረስ፣ ገንዘቡን ሳይመነዝር ናይሮቢ ሻይ ይጠጣበት ነበር። ሞቃዲሾ ራቱን ይበላበታል። ሐርጌሳ ያድርበታል። አዲስ አበባ ገበያ ይወጣበታል። አስመራ ሲደርስም ያው ሽልንግ ይሠራለታል። ዳሬሰላምና ዛንዚባርም እንደዚያው። (ዘመኑን ሌላ ካላልኩ በቀር የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ይህ ገንዘብ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይባላል። ስለ እሱ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሳንቲሞቹንም ባገኘሁበት እገዛለሁ። እወደዋለሁ፤ ታሪኩን ባወቅሁት ቁጥር ደግሞ ያንገበግበኛል። ዛሬ ስለ አፍሪካ የጋራ ገንዘብ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው «ድሮ እኮ ነበረን» ይላል። አዎ፣ ኪስ ውስጥ የጋራ ነበር። ስንት ይታተም፣ በስንት ይመንዘር፣ መጠባበቂያው የት ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ግን ለንደን የተቀመጠ ቦርድ ነበር። እኔ የምከራከረው በዚህ ነው።

ሽልንጉ ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝ ሥር በነበረው ምሥራቅ አፍሪካ ይሠራበት የነበረው የህንድ ሩፒ ነው። ነገሩ አያስገርምም። የህንድ ነጋዴዎች በዛንዚባርና በሞምባሳ ወደቦች ላይ የቆዩ ናቸው። ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ የሠሩትም በአብዛኛው ከህንድ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ከሐዲዱ ጋር ሩፒውም ወደ መሐል አገር ዘለቀ። ምንዛሪው 15 ሩፒ ለ1 ፓውንድ ሆኖ ተተከለ። አንድ ሩፒ አንድ ሽልንግ ከአራት ፔንስ ማለት ነው።

ከደቡብ በኩል፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ የነበሩት ጀርመኖችም የራሳቸውን ሩፒ ነበር የሚያትሙት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ከባሕር ሲቆርጣቸው ታቦራ ከተማ በሚገኘው የባቡር ጥገና ጣቢያ ውስጥ ሳንቲም መምታት ጀመሩ። በ1916 እዚያ ከወጡት አንዱ ባለ 15 ሩፒው ወርቅ ነው፤ ላዩ ላይ ዝሆን አለበት። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚሞቱለት ሳንቲም ነው። ፎቶውን እንጂ ዋናውን በዓይኔ አላየሁም።

ጦርነቱ ሲያልቅ የብር ማዕድን ዋጋ ጣሪያ ነካ። ሩፒ ብር ነው፤ ከ12 እጁ 11ዱ ንጹሕ ብር። ስለዚህ ዋጋው አብሮ ወጣ፤ ከሁለት ሽልንግም አለፈ። እዚህ ላይ ኬንያ ውስጥ ጠብ ተነሳ። ነጭ ሰፋሪዎቹ ቡናቸውንና ቃጫቸውን የሚሸጡት በፓውንድ ነው። የባንክ ዕዳቸውም ለሠራተኛ የሚከፍሉትም በሩፒ ነው። ሩፒ በተወደደ ቁጥር ዕዳቸው ያብጣል። ባንኮቹ ደግሞ ያበደሩት ሩፒ ውድ ሆኖ ቢመለስላቸው ይሻላቸዋል። ለንደን በ1920 ፈረደች፤ አንድ ሩፒ ሁለት ሽልንግ ነው አለች። ሰፋሪው በፓውንድ ሲያሰላው ዕዳው በግማሽ ጨመረበት።

የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ የተቋቋመው በ1919 መጨረሻ፣ ለንደን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያወጣው ገንዘብ ፍሎሪን ይባል ነበር። አንዱ ፍሎሪን ሁለት ሽልንግ ነው። ዕድሜው በጣም አጭር ሆነ። ወዲያው በ1921 የሽልንግ ሳንቲሞችና ኖቶች ታዘዙና ፍሎሪኑ ተረሳ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ገበሬ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሩፒ፣ ፍሎሪን፣ ሽልንግ ሲፈራረቁበት። በየመሐሉም ሳንቲሙ ይቀላል። ሩፒው ከሞላ ጎደል ብር ነበር። ፍሎሪኑ ግማሹ ብቻ ብር ሆነ። ሽልንጉ ሩቡ። በ1948 ደግሞ ብሩ ጭራሽ ወጣና መዳብና ኒኬል ብቻ ቀረ።

ሰፋሪዎቹ የደረሰባቸውን ኪሣራ ዝም ብለው አልዋጡትም። ምንዛሪው ተተክሎ ብዙም ሳይቆይ የዓለም ገበያ ወደቀ፤ የቡናና የቃጫ ዋጋ ተንኮታኮተ። በ1921 የአፍሪካውያን ሠራተኞችን ደመወዝ በሲሶ ለመቁረጥ ተስማሙ። የጎጆው ግብር ደግሞ በዚያው ሰሞን ከ5 ሩፒ ወደ 8 ሩፒ ከፍ ብሎ ነበር። በአዲሱ ገንዘብ 16 ሽልንግ መሆኑ ነው። ገቢው ሲቆረጥ ግብሩ ይጨምራል። የምንዛሪው ጠብ የባንክና የሰፋሪ ነበር፤ ሒሳቡ የተወራረደው ግን ከድሃው ጎጆ ነው።

ሃሪ ቱኩ የተባለው ወጣት የናይሮቢ ስልክ ኦፕሬተር ሕዝብ ያሰባሰበው በዚህ ብሶት ላይ ነው። የደመወዝ ቅነሳው፣ ግብሩ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የሥራ መታወቂያ፣ የሴቶች የግዳጅ ሥራ ተደማምረው። በመጋቢት 1922 ታሰረ። ሕዝቡ ፖሊስ ጣቢያው ፊት ተሰበሰበ። ሜሪ ሙቶኒ ንያንጂሩ የተባለች ሴት ፊት ቀድማ ወንዶቹን ፈሪ ብላ አደፋፈረች። መጋቢት 16 ቀን ተተኮሰባቸው፤ እሷም ሞተች። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 21 ነው። ብዙ የገንዘብ ታሪክ መጽሐፍ ይህን ቀን አይጠቅሰውም። እኔ ግን ከሽልንጉ ታሪክ ለይቼ ልተርከው አልችልም።

ቦርዱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ታገሡኝ። ናይሮቢ ያለ ባንክ አዲስ ሽልንግ ሲፈልግ ለንደን ላይ ፓውንድ ያስገባል። ቦርዱ ፓውንዱን ተቀብሎ እዚህ ሽልንግ ይለቃል። ፓውንዱንም በእንግሊዝና በግዛቶቿ የመንግሥት ሰነዶች ላይ ያውለዋል። ሐሳቡ፣ ገበያ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ 20 ሽልንግ ለንደን ውስጥ አንድ ፓውንድ ይቀመጥ ነው። ኖቱም ላይ እንዲያ ተጽፏል፤ «ሃያ ሽልንግ ወይም አንድ ፓውንድ»።

ጥቅም የለውም አልልም። ገንዘቡ አስተማማኝ ነበር። ማንም ተነስቶ ወረቀት ማተም አይችልም። ግን በሌላ ወገን ተመልከቱት። የኡጋንዳ ጥጥ አምራች ሽልንግ በእጁ በያዘ ቁጥር፣ የዚያ ሽልንግ አቻ ለንደን ተቀምጦ ለእንግሊዝ መንግሥት ብድር ይሆናል። ኡጋንዳ ውስጥ መንገድ ልሥራበት፣ ትምህርት ቤት ልክፈትበት ብትል አይቻልም። ድሃው ለሀብታሙ አበዳሪ ሆነ። ቦርዱ ከመጠባበቂያው ጥቂቱን፣ እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ሰነዶች ላይ እንዲያውል የተፈቀደለት በ1955 ነው። ከተቋቋመ ከ35 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ደግሞም ያ ሙሉ መጠባበቂያ ለረጅም ጊዜ ሙሉ አልነበረም። ቦርዱ ሲጀምር የድሮውን ሩፒ በሁለት ሽልንግ ሒሳብ ሰብስቦ፣ ብሩን በወደቀ ዋጋ ሸጧል። ያ ኪሣራ ጉድጓድ ትቶ ነበር። ጉድጓዱ የተደፈነው በ1950 ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ትርፉ ለግዛቶቹ መከፋፈሉ ቀርቶ ለመሙያ ዋለ። የ1920 ውሳኔ ዕዳ ለ30 ዓመት ተከፈለ ማለት ይቻላል።

ወደ ሳንቲሞቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ልቤ ይለሰልሳል። እጄ ላይ ያለው የ10 ሳንቲም ነሐስ መሐሉ ክብ ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት የዝሆን ጥርሶች ቆልመም ብለው አቅፈውታል። በሌላው ገጽ ከቀዳዳው በላይ ዘውድ አለ፤ ዙሪያውን የንጉሡ ስም ተጽፏል። መጠኑ ትልቅ ነው፤ ከአንዱ ሽልንግ ሳንቲም ይሰፋል። የ1 እና የ5 ሳንቲሞቹም ቀዳዳ አላቸው። ለክር ይመቻሉ። ሽልንጉ ራሱ ግን ቀዳዳ የለውም፤ በአንድ በኩል የንጉሡ ራስ፣ በሌላው ተራሮች ፊት የቆመ አንበሳ አለበት። ኖቶቹ ላይ ዋጋው በእንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም፤ በዐረብኛና በጉጅራቲም ተጽፏል። ማን ገበያውን እንደያዘው ከዚያ ይታያል።

ባለ ቀዳዳዎቹ የንጉሥ ፊት የላቸውም፤ ፊቱ ሊያርፍበት የሚችለው ቦታ ተበስቷልና። ይህ ነገር በ1936 አንድ ልዩ ነገር አስገኘ። በዚያ ዓመት እንግሊዝ ላይ ኤድዋርድ ስምንተኛ ነገሠ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ፣ ዙፋኑን ለቀቀ። እንግሊዝ አገር ውስጥ በስሙ ለሕዝብ የተሰራጨ ሳንቲም የለም። ፊቱን መቅረጽ ጊዜ ይወስዳል። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ግን ፊት አያስፈልግም፤ ስሙን መቀየር በቂ ነው። ስለዚህ የገዛ አገሩ ያላየችው የንጉሡ ሳንቲም በኬንያና በኡጋንዳ ገበያ ሽንኩርት ተገዛበት። የእኔን ያገኘሁት ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ የቅርስ መሸጫ ነው። ስሙን ሳነብ በደስታ ሻጩን ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩትም።

ሌላም አለ። የንጉሡን ስም ተከትሎ «የህንድ ንጉሠ ነገሥት» የሚል አሕጽሮት በላቲን ይጻፍ ነበር። ህንድ ነፃ ስትወጣ ከሳንቲሞቹ ላይ ተነሳ። አንዱን ከ1947 በፊት፣ አንዱን ከዚያ በኋላ የተመታ ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ፣ ግዛት ሲሸራረፍ በጣታችሁ ትዳስሳላችሁ።

እኛ ዘንድ ሽልንጉ የገባው በ1941 ነው። ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር ይዞት መጣ። ወታደሩ የሚከፈለው፣ ስንቁ የሚገዛው በእሱ ነው። አገር ውስጥ ግን ገበያው ቀድሞም የተቀላቀለ ነበር። የጣሊያን ሊሬ አለ። ጠገራ ብር አለ። ሩፒም ይገኛል። ወራሪው ሲሸነፍ ሊሬው ተዋረደ፤ 24 ሊሬ ለአንድ ሽልንግ ተባለ። ጠገራውን ግን ማንም ሊያዋርደው አልቻለም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ለዚህ ዘመቻ ብለው ቦምቤይ ላይ ጠገራ ብር በሚሊዮን አስመትተው ነው የመጡት። የቆላውም የደጋውም ገበሬ ከወረቀት ይልቅ የማርያ ቴሬዛን ፊት ያምናል።

ለምን እንዳመነ በእርሳስ ማስላት ይቻላል። የእንግሊዝ አስተዳደር አንዱን ጠገራ መጀመሪያ የተመነው በ1 ሽልንግ ከ10 ተኩል ፔንስ ነው፤ ሁለት ሽልንግ እንኳ አይሞላም። ጠገራው ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ይበልጣል። የዚያን ጊዜው ሽልንግ ደግሞ ሩቡ ብቻ ብር ስለሆነ፣ ሁለቱ ሽልንግ ቢቀልጡ 4 ግራም አይሞሉም። ስድስት እጥፍ ልዩነት ነው። ገበሬው ሚዛን አላስፈለገውም፤ እጁ ይመዝናል። «አልቀበልም» ያለው አላዋቂ ስለሆነ ነው ብለው የጻፉ ፈረንጆች አሉ። እኔ ግን ከባንኩ ሒሳብ ሠራተኛ እኩል ያሰላ ነበር እላለሁ።

ከዚያ የመጣው ጉዳይ ነው እኔን የሚያኮራኝ። እንግሊዞቹ ኢትዮጵያም መቀመጫው ለንደን በሆነ የገንዘብ ቦርድ ሥር ገንዘቧን እንድታወጣ ሐሳብ አቅርበው ነበር። አገሩ ገና ከጦርነት መውጣቱ ነው። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው። በጀቱ በእንግሊዝ ድጎማ ይኖራል። እሺ ቢባል ማንም አይፈርድም ነበር። ግን እምቢ ተባለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1942 ተቋቋመ። ምክትል የገንዘብ ሚኒስትሩ ይልማ ዴሬሳ በ1943 አሜሪካ ሄደው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። አሜሪካም በጦርነቱ ጊዜ ለአጋሮቿ በምትሰጠው እርዳታ ሥር ለሳንቲም መምቻ የሚሆን ብር ሰጠች። ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ። የ50 ሳንቲሙ ፊላደልፊያ ላይ ተመታ።

አዲሱ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ታወጀ። የጃንሆይ የልደት ቀን ነው። አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተቀየረ። የብሩ ኖት ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ፤ ፈራሚው የመጀመሪያው የባንኩ ገዢ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ናቸው። የ50 ሳንቲሙ ከአንድ ሽልንግ ጋር እኩል ስለሆነ ሕዝቡ «ሽልንግ» ብሎ ጠራው፤ አሁንም እንዲያ የሚለው ብዙ ነው። ልዩነቱ ግን ውስጡ ነው። አዲሱ 50 ሳንቲም ከ10 እጁ 8ቱ ብር ነው። ከሚተካው የእንግሊዝ ሽልንግ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብር ነበረው። ጠገራ የለመደ ሕዝብ በወረቀትና በቅይጥ እንደማይታለል የገባው ሰው ነው ያን ያዘዘው።

የስሙኒዋም ነገር ደስ ይላል። የ25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ድቡልቡል መዳብ ነበር፤ መጠኑም ለ50ው ይቀርባል። ብልጣብልጦች ብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ አሳለፉት። መንግሥትም ጠርዙን እንደ አበባ አስከረከመው። ያ የተከረከመው ስሙኒ ትልልቆቹ ቤት ውስጥ አሁንም አይጠፋም። ዓመተ ምሕረቱን እዩት፤ ፲፱፻፴፮ ይላል። ከኤድዋርድ ባለ ቀዳዳ ሳንቲም ጎን አስቀምጬዋለሁ፤ እሱም ላይ 1936 ነው። በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመትና አንድ ሙሉ ወረራ አለ። አንደኛው የሰው ንጉሥ ስም ያለበት፣ ሌላው የራሳችን።

ኤርትራ ሽልንጉን እስከ 1952፣ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እስክትያያዝ ድረስ ተጠቅማበታለች። በዛሬዋ የመን ያለችው ወደብ ኤደን ደግሞ በ1951 ገና ገባችበት፤ በ1965 ወደ ደቡብ ዐረብ ዲናር ወጣች።

ዋናዎቹ ሦስቱ አገሮች እንዴት ተለያዩ? በሰኔ 1963 የታንጋኒካው (የኋላዋ ታንዛኒያ) ኒዬሬሬ፣ የኬንያው ኬንያታና የኡጋንዳው ኦቦቴ ናይሮቢ ላይ ፌዴሬሽን እንመሠርታለን ብለው ፈርመዋል። ቦርዱም በ1960 ከለንደን ወደ ናይሮቢ ተዛውሮ ነበር። በ1964 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ የሌለችበት አዲስ ኖት ወጣ፤ በምትኩ ሐይቅ ላይ የምትሄድ ባለ ሸራ ጀልባ። ከ5 እና ከ10 ሳንቲሞቹም ላይ ስሟ ተነሳ። ያን ኖት ስመለከት ያሳዝነኛል። በጣም ቆንጆ ነው፤ ሲወጣ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ፌዴሬሽኑ አልሆነም። የጋራ ማዕከላዊ ባንክ ይቋቋም ተብሎም ተመከረ፤ ግን አንድ ማዕከላዊ ባንክ ለሦስት ግምጃ ቤት እንዴት ያበድራል? ማን ስንት ይውሰድ? ታንዛኒያ የጋራው ገበያ ጥቅም ኬንያ ላይ ተከመረ ትላለች፤ ለልማት ዕቅዷም የራሷ ባንክ ትፈልጋለች። በሰኔ 1965 እያንዳንዱ የየራሱን ያወጣል ተባለ። በ1966 ታንዛኒያ በሰኔ፣ ኡጋንዳ በነሐሴ፣ ኬንያ በመስከረም የየራሳቸውን ሽልንግ አወጡ። ሦስቱም እኩል ለእኩል ጀመሩ።

ኒዬሬሬን የአንድነት አፍራሽ የሚያደርጓቸው አሉ። እኔ አልስማማም። የራሱ ባንክ የሌለው መንግሥት በዕቅድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ለዚያውም ትልቁ ባንክ፣ ትልቁ ፋብሪካ፣ ቦርዱም ሳይቀር ናይሮቢ ሆኖ። ግን ኪሣራውንም አልክድም። ናማንጋ ድንበር ላይ የኬንያ ሽልንግ ሰጥቼ የታንዛኒያ ሽልንግ ስቀበል፣ በአንድ ጊዜ ኪሴ አበጠ። ዛሬ አንዱ የኬንያ ሽልንግ ወደ 20 የታንዛኒያ፣ ከ20 በላይ ደግሞ የኡጋንዳ ሽልንግ ያወጣል። ከአንድ እናት በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው። ቆሜ ሳስበው ከፋኝ።

አሁን እንደገና እየተሞከረ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት በ2013 ካምፓላ ላይ የገንዘብ ኅብረት ስምምነት ፈረሙ። የጋራው ገንዘብ በ2024 ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ወደ 2031 ተገፋ። ለዝግጅቱ የታሰበው የገንዘብ ተቋም የትኛው አገር ይቀመጥ የሚለው ራሱ ሲያከራክር ከርሟል። ብዙ ሰው ይህን ክርክር የስንፍና ምልክት ያደርገዋል። እኔ ጤናማ ይመስለኛል። በ1919 ማንም አልተከራከረም፤ የሚከራከር አልተጋበዘም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ባለ ቀዳዳ ነሐስ ወይም ባለ አንበሳ ሽልንግ ካለ፣ በሎሚና በአመድ አትሹት። የቆየ ሳንቲም ሲፈተግ ጽሑፉም ዋጋውም ይሄዳል። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። መጀመሪያ ግን ወደ መስኮት አምጡትና ከዓመቱ አጠገብ ትንሽ ፊደል ፈልጉ። የላቲን «ኤች» ካለ በርሚንግሃም ያለው የሂተን ማምረቻ ነው። «ኬ ኤን» ከሆነ ኪንግስ ኖርተን። «ኤስ ኤ» ካለ በጦርነቱ ጊዜ ፕሪቶሪያ የተመታ፤ «አይ» ካለ ቦምቤይ። የትኛውን እንዳገኛችሁ፣ ማን ከየት እንዳመጣው ከምታውቁት ጋር ጻፉልኝ። በተለይ አዛውንቶቹ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።